መኪናን የሚወልደው ብረት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደብረ ማርቆስን አልፎ ደምበጫ ሲገባ ዳርና ዳሩ የቆመ መኪና አያጣም። አንዱ አይሱዙ ነው እንበል። ሹፌሩ ከባሌስትራው ሥር የወጣችውን የተበላች ቦኮላ በእራፊ ጨርቅ ይዞ ቶርኖ ቤት ይገባል። «ጋሼ፣ ዛሬ ካልደረሰችልኝ ጭነቱ ይበላሽብኛል።» ባለ ቶርኖው መልስ ከመስጠቱ በፊት ካሊፐሩን ያነሣል፤ የውስጧን ይለካል፣ የውጭዋን ይለካል፣ ያልተበላውን ጫፏን ፈልጎ እንደገና ይለካል። «ቁጭ በል ልጄ፣ ሻይ ጠጣ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ከተጠራቀመው ቁራጭ ብረት መካከል የሚስማማውን መርጦ ማሽኑ ላይ ያስራል፤ ጥምዝምዙ መላጫ እግሩ ሥር ይከመራል፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ ቡሬ ጉዞውን ይቀጥላል።

የአገራችንን መኪኖች መንገድ ላይ ያቆያቸው ይህ ሙያ ነው። ባለ ቶርኖው የሚያወጣው ግን አንዲት ቦኮላ ነው፤ ነገ ሌላ ሹፌር ሲመጣ ልኬቱም ቁፋሮውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ፋብሪካ ከቶርኖ ቤት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ዕቃውን ከመሥራቱ በፊት ዕቃውን የሚወልደውን መሣሪያ ይሠራል። ያ መሣሪያ ካለው መቶ ሺሕ ዕቃ ያወጣል፤ ከሌለው የሌላ ሰው ዕቃ ገጣጣሚ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ይህ መሣሪያ የሚሠራበት መንገድ በዓለም ላይ እየተቀየረ ነው። የብረት ዱቄትን በሌዘር እያቀለጡ፣ ገጽ በገጽ እየደረቡ ሞልድና ዳይ ማተም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ገብቷል። ለእኛስ ምን ይዞ ይመጣል?

ጀሪካኑን ገልብጡት

ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤት ያለውን ቢጫ ጀሪካን አንሡና ጎኑን በጣታችሁ ዳስሱት። ከላይ እስከ መቀመጫው የሚወርድ ቀጭን የጎበጠ መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ ሁለት የብረት ግማሾች የተጋጠሙበት ቦታ ነው። የጋለው ፕላስቲክ በመካከላቸው ተይዞ በአየር ይነፋል፣ ግድግዳቸውን ይለብሳል፣ ሲቀዘቅዝ ብረቶቹ ይከፈቱና ጀሪካኑ ይወድቃል። እነዚያ ሁለት ግማሾች ሞልድ ይባላሉ። ጀሪካኑ የትም ይገኛል፤ ሞልዱን ግን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነው አናውቅም።

መኪናም እንደዚሁ ነው። ዳሽቦርዱ፣ የመብራቱ ቤትና ፓራውልቱ ከፕላስቲክ ሞልድ ይወጣሉ። በሩና ጣሪያው ላሜራ በሚጨፈልቅ ዳይ ይቀረጻሉ። የካምቢዮው ቤት የቀለጠ አልሙኒየም በከፍተኛ ግፊት በሚገባበት ዳይ ውስጥ ይወለዳል። አዲስ ሞዴል መኪና ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሞልድ 4 ሚሊዮን ብር ፈጅቶ 1,000 ዕቃ ብቻ ቢወጣበት እያንዳንዱ ዕቃ የሞልዱን 4,000 ብር ይሸከማል። 100,000 ዕቃ ቢወጣበት 40 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ገበያው ትንሽ የሆነ አገር መኪና ለማምረት የሚከብደው ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው። የሠራተኛ ጉልበት ርካሽ ቢሆንም እንኳ የሞልዱን ዕዳ የሚካፈሉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው።

ዱቄት፣ ሌዘርና ትዕግሥት

የተለመደው የሞልድ አሠራር መቀነስ ነው። ሙሉ የብረት ግንድ ተገዝቶ በፍሬዛ ይፋቃል፣ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ የማይደረስበት ጥግ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበላል፣ በመጨረሻ በእጅ ይለሰልሳል። አዲሱ መንገድ መጨመር ነው። በናይትሮጅን ወይም በአርገን ጋዝ በተሞላ ዝግ ክፍል ውስጥ አንድ ምላጭ የብረት ዱቄት በስሱ ያነጥፋል። የዱቄቱ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉር የሳሳ። ሌዘሩ በኮምፒውተር በተሰጠው ንድፍ መሠረት የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ያቀልጣል። መደቡ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ዱቄት ይነጠፋል፣ ሌዘሩ እንደገና ይጽፋል። ገጹ 0.04 ሚሊ ሜትር ቢሆን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ብረት ለመጨረስ 2,500 ገጽ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ በመጨረሻ ያልቀለጠው ዱቄት ሲጠረግ የታተመው ብረት ብቅ ይላል።

ጥበቡ አዲስ መስሎ ቢታይም ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ነው። ኢኦኤስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ያቀረባቸው የመጀመሪያ የብረት ማሽኖች ዋና ዓላማቸው ሞልድ መሥራት ነበር። አኸን ከተማ የሚገኘው የፍራውንሆፈር የሌዘር ምርምር ተቋም ዱቄቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቀልጠውን ዘዴ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ኢማኑኤል ሳክስና ባልደረቦቹ በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ፤ የሚታተም ሞልድ ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ እንደ ዕቃው ቅርጽ እየተጠማዘዙ ሊሠሩ ይችላሉ አሉ። የዚህ ጥበብ ትልቁ ጥቅም የተገኘውም እዚህ ላይ ነው።

አረቄ የሚያወጡ እናቶች የሚያውቁት ነገር

በጎጃም ደጋ አረቄ የሚያወጡ እናቶች እሳቱን ብቻ አይጠብቁም። እንፋሎቱ ተሰብስቦ የሚወርድበት ዕቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ውኃው ለብ ሲል ሥራው ይደክማል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩታል። የቀኑን ምርት የሚወስነው ማሞቂያው ሳይሆን ማቀዝቀዣው መሆኑን ከልምድ ያውቃሉ።

ሞልድም ሕጉ ይኸው ነው። ፕላስቲክ ሞልድ ውስጥ ለመግባት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ደርቆ ለመውጣት ግን ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሞልዱን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚያልፈው ደግሞ በመሰርሰሪያ በተበሱ ቀዳዳዎች ነው፤ መሰርሰሪያ ቀጥ ብሎ እንጂ ተጠማዞ አይሄድም። ስለዚህ ቀዳዳው ከዕቃው አንዱን ጎን ሲቀርብ ሌላውን ይርቃል። የራቀው ቦታ ይሞቃል፣ ዕቃው ይጣመማል፣ ሠራተኛው እስኪበርድ ይጠብቃል። የታተመ ሞልድ ውስጥ ግን ቱቦው እንደ ደም ሥር ዕቃውን ተከትሎ ይዞራል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቢቀነስ በመቶ ሺሕ ዕቃ ላይ የሚተርፈው ጊዜ የማሽን ሳምንታት ይሆናል።

በመኪና ፋብሪካ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። የዛሬ መኪና የአደጋ መከላከያ ምሰሶዎቹ የሚሠሩት ላሜራውን ወደ 930 ዲግሪ ሴልሺየስ አግሎ፣ ትኩስ እንዳለ በመጨፍለቅና ዳይው ውስጥ እንደተጨመቀ በፍጥነት በማቀዝቀዝ ነው። ብረቱ ያንን ከባድ ጥንካሬ የሚያገኘው ከዚያች ቅጽበት ቅዝቃዜ ነው። ዳይው አንድ ቦታ ላይ ካልቀዘቀዘ ምሰሶው እዚያ ቦታ ላይ ለስላሳ ይሆናል። አውዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ እንዳደረገው፣ ኢንጎልሽታት በሚገኘው የብረት ኅትመት ማዕከሉ ለአራት የመጨፍለቂያ መሣሪያዎች የሚሆኑ 12 የዳይ ክፍሎችን አትሟል። ርዝመታቸው እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በእነዚያ መሣሪያዎች ለኤ4 ሞዴል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች ወጥተዋል።

በአልሙኒየም ማቅለጥም ተመሳሳይ ጥረት አለ። የቀለጠው አልሙኒየም በየደቂቃው ዳይውን ያግለዋል፣ የሚረጭበት ፈሳሽ ያበርደዋል፤ መጋልና መብረዱ ሲፈራረቅ የዳይው ገጽ እንደ በጋ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። የአኸኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ከማክሊን ፎግ ኩባንያና ከቶዮታ አውሮፓ ጋር ሆኖ ኤል-40 በተባለ ለኅትመት ተብሎ በተቀመመ ብረት ለያሪስ ሃይብሪድ የካምቢዮ ቤት ትልቅ የዳይ ክፍል አትሟል። ቴስላ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። ሮይተርስ በመስከረም 2016 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ግዙፍ የአልሙኒየም አካላትን ለመሞከር የብረት ዳይ ከማሠራት ይልቅ የአሸዋ ሞልድ ያትማል። በዘገባው መሠረት በብረት ዳይ ላይ አንድ ማስተካከያ ማድረግ እስከ 100,000 ዶላር ያስወጣል፤ እንደ አዲስ ማሠራት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። በአሸዋ ደጋግሞ መሞከር ግን ከብረቱ ወጪ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን የአሸዋ መንገድ አንባቢ ያዝልኝ፤ ወደ እኛ ጉዳይ ስንመጣ ይፈለጋል።

ተአምር አይደለም

ይህ ማለት ሁሉም ሞልድ ነገ ይታተማል ማለት አይደለም። የመኪናን ጣሪያ የሚጨፈልቅ ዳይ ብዙ ቶን የሚመዝን የብረት ክምር ነው፤ እሱን ገጽ በገጽ ማተም አያዋጣም። የሚታተመው ሙቀት የሚበዛበት ወይም ጥልፍልፍ ቅርጽ ያለው ክፍል ነው፤ ቀሪው በድሮው መንገድ ተሠርቶ ሁለቱ ይገጣጠማሉ።

ብረቱም ራሱ ያስቸግራል። ሞልድ ሠሪዎች የሚወዱት የተለመደው ጠንካራ የመሣሪያ ብረት ካርቦን አለው፤ በሌዘር ሲቀልጥና ባፍታ ሲበርድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲታተም የኖረው ካርቦን እምብዛም የሌለው፣ 18 በመቶ ያህል ኒኬልና 9 በመቶ ያህል ኮባልት ያለበት ውድ ብረት ነው። ይህ ብረት ከታተመ በኋላ በ490 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠነክራል። ከዚያ ከመደቡ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን (ሲኤንሲ) ይስተካከላል፣ ይለሰልሳል፣ ይለካል። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ጎጂ ነው፤ የአንዳንድ ብረቶች ዱቄት በብልጭታ ይነዳል። ማሽኑ ንጹሕ ጋዝና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፤ ሌሊት አንድ ጊዜ መብራት ቢጠፋ የሦስት ቀን ሥራ ገደል ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር ግልጽ ነው። አታሚው ማሽን ከሥራው ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ናት። ከእሷ በፊት ንድፍና ስሌት አለ፤ ከእሷ በኋላ ምድጃ፣ ፍሬዛ፣ ለስላሳ እጅና ትክክለኛ ልኬት አለ። ቀሪዎቹ ቀለበቶች የሌሉበት ቦታ የተተከለ አታሚ ማሽን አቧራ ይጠጣል።

የእኛ መገጣጠሚያዎች

ኢትዮጵያ መኪና መገጣጠም የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በፊያት ተሳትፎ የተቋቋመው አምቼ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሆላንድ ካር መኪኖቹን በአባይና በአዋሽ ስም ጠርቶ ገበያ አውጥቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው በሩ ተዘጋ። የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ አውቶቡሶች የአዲስ አበባን ጎዳና ሞሉ። ዱከም ላይ ሊፋን፣ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሞተርስ ተከተሉ። መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ የመገጣጠሚያ ፍላጎቱ ጨምሯል። ደብረ ብርሃን የሚገኘው የበላይነህ ክንዴ የብረታ ብረት ኢንጂነሪንግ ኮምፕሌክስ ከቻይና በሚመጡ ክፍሎች የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን ይገጣጥማል።

የታክስ ፖሊሲውም ይህንኑ ያበረታታል። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን፣ በከፊል የተፈታው 5 በመቶ፣ የተገጣጠመው 15 በመቶ እንዲከፍል ተወስኗል። ፖሊሲው ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም በሣጥን የመጣን በር መግጠም ከበሩ ዳይ ጋር አያስተዋውቅም። በአገራችን ከሃምሳ ዓመት በላይ መኪና ሲገጣጠም ቆይቶ የአንድ መኪና ፓራውልት ሞልድ የሚሠራ ባለሙያ ትውልድ ያልፈራው በዚህ ምክንያት ነው። መፍቻ መያዝ ብቻውን ሞልድ ሠሪ አያደርግም። ውሉም፣ ሥልጠናውም፣ ማበረታቻውም ሁሉ ያለቀለት ክፍል ላይ ሲያተኩሩ ኖሩ፤ የክፍሉ እናት ተረሳች።

በሌላ በኩል የገበያችን ትንሽነት ራሱ ዕድል ይሰጠናል። 300,000 መኪና የሚያመርት ፋብሪካ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚጨፈልቅ ጠንካራ ዳይ ይፈልጋል። ጥቂት ሺሕ ሚኒባስ የሚያወጣ መገጣጠሚያ ያን ያህል ዕድሜ ያለው ዳይ አያስፈልገውም። የታተመ የአሸዋ ሞልድ፣ በትንሽ የታተመ ክፍል የተጠናከረ ለስላሳ የአልሙኒየም ሞልድ፣ መገጣጠሚያ ላይ ዕቃ የሚይዙ ሞርሳዎችና ልክ መጠበቂያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መጠን ይበቃሉ። ቴስላ ለሙከራ የመረጠው የአሸዋ መንገድ ለእኛ የምርት መንገድ ሊሆን ይችላል። አልሙኒየም አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ድስት ማፍሰስ የኖርንበት ሥራ ነው፤ አዲስ የሚሆነው አሸዋውን የሚቀርጸው ኮምፒውተር ነው።

ከየት እንጀምር?

መጀመሪያ ከመኪና ትንሽ ዝቅ እንበል። ደምበጫ በደብረ ማርቆስና በቡሬ መካከል ናት። በ2013 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የደብሊው ኤ፣ በቡሬ የፊቤላ ትላልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ዘይት ያለ ፕላስቲክ ዕቃና ያለ ክዳን ገበያ አይወጣም፤ ክዳኑም ዕቃውም የሞልድ ልጆች ናቸው። ሞልድ ሲሰነጠቅ ወይም ሲበላ ጠጋኝ ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ፋብሪካ ዶላርም ጊዜም ይከፍላል። የክዳን ሞልድ መጠገን የቻለ ልጅ ነገ የመብራት ቤት ሞልድ ይደፍራል። የመኪና ሞልድ ሠሪዎች በብዙ አገር ያደጉት እንዲህ ከትንሹ ተነሥተው ነው።

ሁለተኛ፣ ማሽን ከመግዛታችን በፊት ሰንሰለቱን እንሙላ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ የተከፈተው የዛሬው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የብረት ሥራ መሠረት አለው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። አቃቂ ላይ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የመለዋወጫ ፋብሪካ ማቅለጥና በሙቀት ማጠንከር የኖረበት ሥራ ነው። እነዚህን የሚያገናኝ አንድ የጋራ የሞልድ ማዕከል ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ልኬት ክፍል፣ ማጠንከሪያ ምድጃ፣ ሲኤንሲ ፍሬዛና የንድፍ ኮምፒውተሮች ናቸው። በዚህ ደረጃ የብረት ኅትመቱን በአገልግሎት መልክ መግዛት ይቻላል፤ ንድፉ እዚህ ተሠርቶ በፋይል ይላካል፣ ታትሞ ሲመለስ እዚህ ይጠነክራል፣ ይለሰልሳል፣ ይሞከራል። ሥራው በዝቶ ማሽኑን ቀንና ሌሊት የሚይዝ ሲሆን ያኔ ማሽኑ ይገዛ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ዓይነቱ ግዢ የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ሰላም። ንድፍ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ብረት በመንገድ ይሄዳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በአማራ በቀጠለው ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፣ መንገድም በየጊዜው ተዘግቷል። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የኃይል ተስፋችን ቢሰፋም፣ ኃይሉ ደምበጫ ቶርኖ ቤት ሳይቆራረጥ የሚደርሰው መንገዱና መሥመሩ ሰላም ሲያገኙ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ይህን መዝለል ራስን ማታለል ነው፤ የግጭቱን ዋጋ በየቀኑ ከሚከፍሉት መካከል ሙያ ሊማሩ ይገባቸው የነበሩ ልጆች አሉ።

አራተኛውና ዋናው ሰው ነው። ያ የደምበጫ ባለ ቶርኖ ያልተበላውን ጫፍ ፈልጎ እንደገና የሚለካው ማንም አስገድዶት አይደለም። ብረት የሚሠራ ሰው ልኬትን አያምንም፤ ደግሞ ይለካል። ሌዘሩንም ዱቄቱንም በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ይህን ልማድ ግን የሚሸጥ አገር የለም። ለዘመናት ብረት ቀጥቃጩን ስንንቅ ኖረን፣ የምናርስበትን ማረሻ ከእጁ እየተቀበልን ስሙን ስናጎድፍ ኖረን፣ ዛሬ የብረት ጥበብ ጎደለን ብንል ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ልጁን ቴክኒክና ሙያ ማስገባት እንደ ውድቀት የሚቆጥር ወላጅ ይህን ቆም ብሎ ያስብ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላል፤ የመኪና መገጣጠሚያ ውሎች እየተፈረሙ ያሉት አሁን ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መንግሥት ማበረታቻ ሲሰጥ፣ ባለሀብትም ከውጭ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል፣ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ቢያንስ የአንድ ክፍል ሞልድ ከነንድፉ ወደ አገር ይምጣ፣ እሱን የሚጠግኑና ቀጥለው የሚሠሩ ልጆችም ከክልሉ ኮሌጆች ተመርጠው በኩባንያው ወጪ ይሠልጥኑ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ከደምበጫ ይሁን።